ቀኑን ያስተካከልንበት ኮምፒውተር

ሬጅስትራር ቢሮ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ቀን ኪቦርዱ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ተጣበቀ። ሻይ ሳይሆን አይቀርም፤ ማን እንዳፈሰሰው ሳይታወቅ ስኳሩ ደርቆ የቀረ። አንዷ ቁልፍ አንዴ ከተጫነች አትመለስም፣ በጥፍር ቆንጥሮ ማውጣት ያስፈልጋል። በቁልፎቹ መሀል የብስኩት ፍርፋሪ፣ የሰው ፀጉርና የጫት እንጨት አለ። ከቤት አልኮል አምጥቼ በጥጥ ስጠርገው ጥጡ አተላ መሰለ። የኮሌጁ ጸሐፊ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበርና፣ ዛሬ ብታጸጂው ነገ ያው ነው አለችኝ። እውነቷን ነበር። ያን ቀን የተሰማኝ ማቅለሽለሽ ከዚያ ቢሮ እስክወጣ ድረስ አልለቀቀኝም፤ በመጀመሪያ የኪቦርዱ ነበር፣ ቀጥሎ የሰዎቹ፣ በመጨረሻ የራሴ ሆነ።

እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከሱ የወረስኩት ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ቆሻሻ ሳይ ሆዴ መገልበጡ፣ ሌላው ቶሎ መናደድ። ባልደረቦቼ ከኋላዬ «ሳሙና» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ከነሱ መሀል ቢያንስ ሁለቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ ከሽንት ቤት ሲወጡ በዓይኔ ስላየሁ ስሙን እንደ ምስጋና ነው የወሰድኩት።

የምሠራበት ነርሶች የሚያስመርቅ አነስተኛ የግል ኮሌጅ ነበር። ተማሪዎቹ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከሰኮሩ፣ በዙሪያችን ካለው የቡና አገር ሁሉ ይመጣሉ። ውጤታቸው የሚቀመጠው ደረጃው ሥር ባለች መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ በእጁ ሞልቶና ፈርሞ የሚያስረክበውን የውጤት ወረቀት ሮስተር እንለዋለን። ግማሾቹ መምህራን ለአንድ ሴሚስተር መጥተው የሚሄዱ ስለሆኑ፣ አንድ ተማሪ ምን እንዳገኘ የሚመሰክር ከሮስተሩ ሌላ ነገር የለም። ያ ምስክር ታዲያ በአይጥ ሽንት የራሰ ነበር። የጅማ ዝናብ ከጀመረ የቆዳ ጫማ እንኳ በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ያበቅላል፤ ሮስተሮቹማ ፀጉር አውጥተው ነበር። አንዱን ለመፈለግ የምገባው ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ አስሬ ነው። ስወጣ እጄን ሦስት ጊዜ እታጠባለሁ፤ ሽታው ግን እራት ላይ ተመልሶ ይመጣብኛል።

ዲኑ ከኔ በአሥር ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። አንድ ነገር ሲፈልግ «እናቴ» ይለኛል፣ ካገኘ በኋላ በስሜ ይጠራኛል። አንድ መስከረም አዲስ አበባ ለሥልጠና ቆይቶ ሲመለስ፣ ቆሎ እየቆረጠመ ቢሮዬ ገባና ከእንግዲህ ወረቀት የለም አለ። ሮስተሩ ሁሉ ስካን ተደርጎ ክላውድ ላይ ይጫናል፤ ክፍሏም ትጸዳና ላብራቶሪ ትሆናለች። ክላውድ ባለ ቁጥር የገብስ ፍርፋሪ ስክሪኔ ላይ ያርፋል። ሲወጣ ጠረግሁት። በሐሳቡ ግን፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ያቺ ክፍል ባዶ ሆና በበረኪና ስትታጠብ ይታየኝ ጀመር።

ፕሮግራሙን የጫንኩት እኔ ነኝ። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ለኮሌጁ አንድ አካውንት ይከፈታል፣ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ይመረጣል፣ እዚያ ፎልደር ውስጥ የገባ ሁሉ በኢንተርኔት ሩቅ አገር ወዳለ ማከማቻ ይገለበጣል። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅም ቢቃጠልም ከስልክ ከፍቶ ማየት ይቻላል። እየገለበጠ ሳለ ከፋይሉ አጠገብ ሰማያዊ ቀስቶች ይሽከረከራሉ፤ ሲጨርስ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል። ለኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ መገናኘት አልቻልኩም የሚል ቀይ ምልክት ብቻ ነበር የሚያሳየኝ። የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት በስክሪፕቶ ስነካው የሞተ ጉንዳን ከውስጡ ረገፈ። በሦስተኛው ቀን ነው ምክንያቱን ያገኘሁት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስለሞተች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረ ዘመን ይመለሳል። ሩቅ ያለው ማከማቻ ደግሞ ዓመቱ የተዛባ ኮምፒውተር ካየ አያምነውም፣ አያስገባውም። ቀኑን ሳስተካክል ቀስቶቹ መዞር ጀመሩ። ብቻዬን ሳቅሁ።

የጸሐፊዋ ኮምፒውተር በቫይረስ ከሞተ ከርሞ ስለነበር ደብዳቤ የምትጽፈው በኔው ላይ ነው። ጠዋት ቀድማ የምትገባውም እሷ ናት። ስለዚህ ስትከፍቺው መጀመሪያ ቀኑን አስተካክይ ብዬ አዘዝኳት፤ እሺ አለች። በዚያው ሰሞን ልርዳት ብዬ የደብዳቤ ቅጽ አዘጋጀሁላት፤ ከላይ በኩል ቀኑ ከኮምፒውተሩ እየተወሰደ በራሱ የሚገባበት። በቅጹ በጣም ደስ ስላላት በማግስቱ ሙዝ አመጣችልኝ።

የስካኑ ሥራ ዓመት ፈጀ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቆዩትን ተመራቂዎች ሮስተር ጨረስኩ፤ አረንጓዴው ምልክት ወጣ። ከዚያ ወደ ቅርቦቹ ዞርኩ። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ጓንት አድርጌ፣ እያንዳንዱን ወረቀት ከሻጋታው አላቅቄ፣ ስካነሩ መስታወት ላይ አስተኝቼ፣ መስታወቱን መልሼ እጠርጋለሁ። ከዚያ ሰሞን ወዲህ የኮምፒውተሬ ኢንተርኔት አንድ ገጽ እንኳ አልከፍት ብሎ ነበር። ይህ ማንንም አልገረመም፣ እኔንም ጭምር። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ሲጠፋ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ኔትወርክ የለም ይባልና እያንዳንዱ ስልኩን ያወጣል። ፕሮግራሙም ኔትወርክ ሲመለስ በራሱ ይገለብጠዋል ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ጸሐፊዋ፣ ይሄ ኮምፒውተር ጥቅምት ሃያ ዘጠኝን አልቀበልም አለኝ አለችኝ። ቀና ሳልል በእጅሽ ጻፊው አልኳት። ሁለት ወረቀት ተጣብቆብኝ በምላጭ እያላቀቅሁ ነበር።

ሰኔ ላይ ሥራው አለቀ። የንብረት ኃላፊው ክፍሏን ለመረከብ ቅጽ ይዞ መጣ፤ ሰነዱ በሙሉ ክላውድ ላይ መጫኑን አረጋግጣለሁ ይላል፣ ከሥሩ የኔ ስም አለ። ፎልደሩን ከፈትኩ። ከላይ፣ የቆዩት ተመራቂዎች አጠገብ፣ አረንጓዴው ምልክት አለ። ወደ ታች አልወረድኩም። ሰውየው ከዚያች ክፍል ወጥቶ በቀጥታ ስለመጣ ሽታው ልብሱ ላይ ነበርና ከፊቴ ቶሎ እንዲሄድልኝ ፈለግሁ። ፈረምኩ። ዕድሜ ልኬን የሌላውን ዝርክርክነት ስጸየፍ የኖርኩት ሰው የሦስት ዓመት ተመራቂዎችን ውጤት በአፍንጫዬ ምክንያት ፈርሜ ሰጠሁ። በነጋታው ወረቀቱ በጆንያ ተሞልቶ ለሄርማታ ገበያ ሴቶች መጠቅለያ እንዲሆን ሄደ፤ ክፍሏም በበረኪና ታጠበች።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነጎድጓድ ሆነና መብራት ሄደ፤ ሲመለስ በጉልበት መጣ። ከኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክለው ስታቢላይዘር የት ገባ ብዬ ስጮኽ፣ ዲኑ ቢሮ ለገባው ፍሪጅ ተወስዷል አሉኝ። ሄጄ ፍሪጁን ከፈትኩት። ውስጡ ግማሽ ሐብሐብ፣ ሁለት ለስላሳና የማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ክዳኑ ያበጠ የወጥ ዕቃ ነበር። በስታቢላይዘር ሲጠበቅ የከረመው ይሄ ነው።

ኮምፒውተሩን ሄርማታ አጠገብ ወዳለ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሥራውን ቢስሚላህ ብሎ የሚጀምር፣ ጺሙ የሸበተ፣ ሱቁ መሬት ላይ አንድ ብጣሽ ገመድ የማይታይበት ሰው ነው። ክዳኑን ሲከፍት ግን በረሮ ከነልጅ ልጁ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ማራገቢያው ላይ ቅባትና አቧራ ተጋግሯል። በሰው ፊት ገበናዬ የተገለጠ ያህል አፈርኩ። እሱ በብሩሽ ጠርጎ፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ አየና ከዚህ የሚወጣ ነገር የለም አለኝ። ግድ የለም፣ ሁሉም ክላውድ ላይ አለ አልኩትና እዚያው ቆሜ በስልኬ ከፈትኩ። የቆዩት ተመራቂዎች አሉ። ከነሱ በታች ባዶ ነው። በጣቴ ወደ ታች ጎተትኩ፣ እንደገና ጎተትኩ። ያለፉት ሦስት ዓመታት ተመራቂዎች፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሻጋታቸውን ስልጥ የከረምኩላቸው፣ አንዳቸውም የሉም። ሰውየው ፊቴን አይቶ የሚቀመጥበትን ዱካ ለቀቀልኝ።

አዲስ ዲስክ አስገብቶ መለሰልን። ቀኑን አስተካክዬ ፕሮግራሙን እንደገና ጫንኩ፤ ቀስቶቹ ዞሩ፣ በደንብ ሠራ። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ለምን እንዳልሠራ ሊገባኝ አልቻለም። በማግስቱ ጠዋት ገብቼ ጸሐፊዋ ጀርባ ቆሜ ካፖርቴን ሳወልቅ፣ ደብዳቤዋን ከመጀመሯ በፊት ሰዓቱን ከፍታ ዓመቱን ስትለውጥ አየሁ። ወደኛ ዘመን ወሰደችው። ቀይ ምልክቱ እዚያው አጠገቡ ብቅ አለ።

ምን እያደረግሽ ነው አልኳት።

«ቀኑን እያስተካከልኩ» አለች። «ሁልጊዜ እኮ ነው የማስተካክለው። አንቺ ያዘዝሽኝ ሰሞን የፈረንጁን ሳደርግ ደብዳቤው ላይ የፈረንጅ ቀን ወጣና ዲኑ መለሰብኝ። ከዚያ ወዲህ በኛው ነው።»

ኮምፒውተሩ በኛ አቆጣጠር ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ነበር የከረመው፤ ማከማቻውም፣ ሌላው የኢንተርኔት ገጽም ዓመቱን ሙሉ አላምንህም ብሎታል። የኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ለሱ ፌብሩዋሪ ነው፤ ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ስላለው ነው ሃያ ዘጠኝን እንቢ ያለው። ይህን እሷ ነግራኝ ነበር። ልሰድባት አፌን ከፈትኩ። አስተካክይ ያልኳት እኔ፣ የየትኛውን ያላልኳት እኔ፣ ቅጹን የሠራሁት እኔ። ጅማ ውስጥ ቀን አስተካክይ የተባለ ሰው የፈረንጅ ቀን ሊያደርግ ነው ወይ? ከዚያ ወዲያ የምጸየፈው ራሴን ሆነ።

ዲኑ በሩን ዘግቶ አናገረን፤ እኔን፣ ጸሐፊዋንና የንብረት ኃላፊውን። ላቦቱ ከንፈሩ ላይ ቆሟል፣ ድምፁ ግን አልተለወጠም። ኮሌጁ ሰነድ ጠፋበት ከተባለ ፈቃዱን ያጣል አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«እናቴ፣ ተማሪ ውጤቱን ያውቃል አይደል? ይናገር፣ ጻፊለት፣ ማኅተሙ የኛ ነው። ጠፋ የሚል ቃል ከዚህ ቢሮ አይውጣ። ከክላውድ እያመሳከርን ነው ትያቸዋለሽ።»

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አልኩት። ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ሲወጣ ትከሻዬን በሶፍት ጠረግሁ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ክፍል በጠረግሁት ትከሻ ወጥቼ በቀጥታ መልቀቂያ መጻፍ ነበረብኝ።

በምትኩ ሄርማታ ወረድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ። ገበያው ጭቃ ነበር፤ ቅመም ተራ ውስጥ የበርበሬው ብናኝ፣ የቅቤው ሽታና የእርጥብ ጆንያው ጠረን ተደባልቆ ዓይን ያስለቅሳል። አንዲት ሂጃብ ያደረገች ኦቾሎኒ ሻጭ ፊት ወረቀቷን እየገላለጥኩ ስቆም፣ «ማል ባርባዳ እህቴ?» አለችኝ፤ ምን ፈለግሽ ማለቷ ነው። ነገርኳት። የኮሌጁ ወረቀት ነው፣ የልጆች ውጤት ያለበት፣ የቀረ ካለ ስጪኝ አልኳት።

«ወላሂ ሒን ጂሩ፣ አልቋል» አለች። «ሐምሌን ሙሉ የጠቀለልነው በሱ ነው። ጥሩ ወረቀት ነበር፣ ወፍራም።»

ለኔ ስትል ግን ዕቃዋን ሁሉ አገላበጠች፤ ከጎኗ ያሉትንም ጠየቀች። ሰባት ስምንት ቁራጭ ተገኘ። በዘይት ከመራሱ የተነሳ ከጀርባው ያለው ይታያል፤ አንዱ ላይ ቅቤ ተለጥፎበታል፣ አንዱ ላይ በርበሬው ከቀለሙ ጋር ተዋህዶ ቢው ከሲው አይለይም። ስመለስ ቱቦ ውስጥ ሌላ ቁራጭ አየሁ። እዚያ ቱቦ ውስጥ ምን እንደሚፈስ የጅማ ሰው ያውቃል። ጓንት አልያዝኩም። ተቀምጬ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በእጄ አወጣሁት። የሦስት ተማሪዎች ስምና የአንድ መምህር ግማሽ ፊርማ ነበረበት፤ ውጤቱ ያለበት በኩል ተቀድዷል። ቤቴ ወስጄ ሁሉንም መስኮት ላይ አሰጣኋቸው። ከሁሉም ውስጥ ለአንድ ሰው እንኳ የሚሆን አልወጣም።

ከዚያ በኋላ መጻፍ ጀመርኩ። ተመራቂዎች ይመጣሉ፣ እኔ ስክሪኑን ወደራሴ አዙሬ እያመሳከርኩ ነው እላለሁ፣ እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ባዶ ሠንጠረዥ ነው። አብዛኞቹ ሲናገሩ ዓይናቸው ጣሪያ ላይ ነበር። እንዲያ ጎበዝ ተማሪ እንዳስመረቅን አላውቅም ነበር።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ወጣት መጣ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገባ፤ ቢሮዬ ውስጥ እስከ ማግስቱ ቆየ። ውጤቱን ከስልኩ እያነበበ ነገረኝ፤ ጥቂት ቢ፣ ሌላው በሙሉ ኤ። ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። ፋርማኮሎጂ ወድቆ ድጋሚ ለመፈተን ቅጽ የሞላው እኔ ፊት ነው፤ ያኔ ብዕሬን ተውሶ ሳይመልስ ሄዷል። ስንት አገኘህ ስለው ኤ አለኝ፣ ፊቴን እያየ። ምን ብዬ ልከራከረው? ከምን አውጥቼ? ጻፍኩለት። አማካዩ ሦስት ነጥብ ሰባት ሆነ። ኮሌጁ በፖስታ አሽጎ በቀጥታ ለቀጣሪው የሚልከውን ኦፊሻል ስለጠየቀ፣ አሽጌ የላኪውንና የተቀባዩን ጻፍኩ፤ ሰኮሩ አካባቢ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ። ማኅተሙን መስመሩ ላይ በትክክል አሳረፍኩት። እስከዛሬ የሚያስጠላኝ ይሄ ነው፣ በትክክል ማሳረፌ።

ከሱ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ተመራቂ ልጅ መጣች። ከሰኮሩ በጠዋቱ ሚኒባስ ተነስታ፣ ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ ገባች። መጥረጓን አየሁ፤ በዚያ ቢሮ በር ላይ ጫማ ሲጠረግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከፌስታል ውስጥ ከኛ የወሰደችውን የውጤት ወረቀት አወጣች። የተከራየችበት ቤት ጣራ ክረምቱን አፍስሶ ወረቀቱ ሻንጣዋ ውስጥ ሻግቷል፤ ቀለሙ ሄዶ ስሟና ማኅተሙ ብቻ ቀርተዋል። በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ እንዳይነካኝ ራቅ አድርጋ አሳየችኝ።

ሁለት ዓመት ሥራ እንዳላገኘች ነገረችኝ። መንገድ ዳር፣ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች የሚቆሙበት ምግብ ቤት ሳህን ታጥባለች። የነርስ ትምህርቴን ልረሳው ነው አለች፣ መርፌ ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ። አሁን ቤቷ አጠገብ ያለው ጤና ጣቢያ አንድ ነርስ ብቻ ሊቀጥር ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ኦፊሻሉ በማግስቱ ካልደረሰ ስሟ ይሰረዛል። የጤና ጣቢያውን ስም ስትነግረኝ ብዕሬ ቆመ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ልጽፈው ነበር።

ስክሪኑን ወደራሴ አዞርኩ። እያመሳከርኩ ነው፣ እስቲ አንቺም በይ አልኳት። እሷ ጣሪያ አላየችም፤ ጉልበቷ ላይ ባደረገቻቸው እጆቿ ላይ ነበር ዓይኗ። የአንደኛ ዓመቱን ነገረችኝ፣ ቢና ሲ የበዛበት። የሁለተኛውን ነገረችኝ። ፋርማኮሎጂ ስንደርስ አላመነታችም።

«ዲ ነው፣ እትዬ» አለች። «ወድቄ ድጋሚ ተፈትኜ ነው ዲ ያገኘሁት። እርስዎም ያዩታል።»

ምንም አላየሁም። ባዶ ሠንጠረዥና ዲኑ የረጨው የደረቀ የቆሎ ፍርፋሪ ነው የሚታየኝ። አፌ ላይ የመጣውን ልናገረው እችል ነበር፤ ልጄ፣ እዚህ ምንም የለም፣ ከፈለግሽ ኤ ልጽፍልሽ እችላለሁ። ይሄ ደግ ሥራ ይሁን ሌላ ቆሻሻ እያሰብኩ ሳለ እሷ ወደሚቀጥለው ትምህርት አለፈች። ዲ ጻፍኩ። አማካዩ ሁለት ነጥብ ስድስት። አሽጌ ለሹፌር ከመስጠት ራስሽ ይዘሽው ሂጂ አልኳት፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ስትወጣ መዳፌን ሳሙና አድርጌ ታጠብኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ወሩ ሳያልቅ ስልክ ደወለች። ከኋላዋ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል። አንደኛ የወጣው የክፍላችን ልጅ ነው አለችኝ፣ በሦስት ነጥብ ሰባት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ግራ መጋባት ብቻ። ፋርማኮሎጂን ድጋሚ የተፈተንነው እኮ አብረን ነው፣ እሱም ያገኘው ዲ ነው፣ ወረቀቱን ክፍል ውስጥ ሁላችንም አይተናል አለች። ምናልባት ተሳስታችሁ ይሆናል፣ እዚያ ከተቀመጠው ጋር እንደገና ብታመሳክሩልኝ ብዬ ነው አለች።

ውሸት ደክሞኝ ነበር። የተቀመጠ ነገር የለም አልኳት። ጠፍቷል። የሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እንደነገረኝ።

አውቶቡሱ ሲነሳ፣ ረዳቱ ሲጣራ ይሰማኛል።

«የኔንም እንደነገርኩዎት ነው የጻፉት?»

አዎ አልኳት።

«ባልነግርዎት ኖሮ አያውቁም ነበር?»

አላውቅም ነበር አልኳት። ትሰድበኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ለጤና ጣቢያው እጽፋለሁ፣ እውነቱን እናገራለሁ አልኳት፤ ስናገረው ለራሴም አላመንኩትም። እሷ የሰማችኝ አልመሰለኝም።

«ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ያገኘሁት እኮ ዲ ነው።»

ደህና ይዋሉ ብላኝ ስልኩን ዘጋች።